ከመስኮቱ ውጭ የተቀመጠ ተጫዋች

ውበቱን ማርቆስ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በመርፌና በዳማ። መርፌው የሥራ ዘመኑ ነው። ጤና ረዳት ሆኖ ከቁይ እስከ አማኑኤል በየጤና ጣቢያው ሲዘዋወር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከባለቤቱ ከሥራነሽ ጋር ማርቆስ ገብቶ ተቀመጠ። ዳማው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ያጣ ሰው ራሱንም ቤቱንም እንደሚያስጨንቅ ቀድማ ያየችው ሥራነሽ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ጋቢውን አንስታ ሰጠችውና ወጥቶ ሰው እንዲፈልግ ነገረችው። ወጣና ገዳሙን አገኘ።

ገዳሙ ወፍጮ ቤት ያረጀ ሰው ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከተማ መጣና ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በሙሉ ዱቄት ሲተነፍስ ኖረ። ሥራውን ሲተው ዱቄቱ ከልብሱ ለቀቀ፤ ከደረቱ ግን አልለቀቀም። ደረቅ፣ የሚቆራረጥ ሳል ቀረበት። ሲስቅ ይስላል፤ ዳገት ሲወጣ ይስላል፤ ዳማ ላይ የሰው ቆርኪ ሊበላ ሲያደባም ይስላል። ተጫዋቾች «ገዳሙ ሳለ፤ ተጠንቀቅ» ይባባሉ ነበር።

ሁለቱ መጀመሪያ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የሚጫወቱት፤ አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ፣ ሌላው አቅንቶ። ሊያይ የቆመው ሰው ሊጫወት እየተቀመጠ ሲሄድ በረንዳው ጠበበ። ከገበያው በላይ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር፤ እሱን ለቅዳሜ ቅዳሜ ተከራዩና ክበብ አሉት። ጡረተኛ አስተማሪም፣ ልብስ ሰፊም፣ ሹፌርም፣ ቅዳሴ ወጥተው የሚመጡ ቄስም የክበቡ አባል ሆኑ። ውበቱ ሊቀ መንበር ተባለ። ገዳሙ ምንም አልተባለም፤ ግን እሱ ሳይመጣ ጨዋታ ተጀምሮ አያውቅም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ገዳሙ የሚኖረው ብቻውን ነው። ፀደንያ የምትባል አንዲት ልጁ ባሕር ዳር ታስተምራለች፤ ልጆች ስላሏት እንዳሰበችው አትመጣም። ሌላው አባል ቅዳሜን መዝናኛው አድርጎ ያያት ይሆናል። ገዳሙ ግን ዓርብ ማታ ጫማውን ይጠርጋል፤ ጠዋትም በር ሳይከፈት ደርሶ ደጁ ላይ ይቆማል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ሲባል መጋዘኑ ተዘጋ። ክረምቱ አለፈ፤ ዘመን ተለወጠ። ገበያውም ትምህርት ቤቱም ሲከፈት አባላቱ ውበቱን ይወተውቱት ጀመር። ውበቱ ግን ቶሎ እሺ አላለም።

ምክንያት ነበረው። ገና ወጣት ጤና ረዳት እያለ ከቁይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ማጅራት ገትር ገብቶ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የተከበሩ ሰው ሞቱና ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ሰነበተ። ብርድ ነው ተብሎ በሩ ተዘግቷል። ውበቱ በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ያውቃል። ሊናገር ሄዶ ሽማግሌዎቹን ሲያይ አፈረ፤ ለቅሶ የሚበትን የትናንት ልጅ ምን ይሉታል? አቀርቅሮ ተቀመጠ፤ እዝኑን ቀምሶ ወጣ። ከዚያ ቤት ተቀምጠው ከነበሩት ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ሕፃንም አዋቂም ተቀበረ። ውበቱ ይህን የነገረው ለሥራነሽ ብቻ ነው። ሥራነሽ ደግሞ አሁን ስኳር ታማሚ ናት፤ ይህ አዲስ በሽታ እንደሷ ያለውን ሰው እንደሚጥል በየቀኑ በሬዲዮ ይሰማል።

ስለዚህ መጋዘኑ ጥቅምት ላይ ሲከፈት ውበቱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ማስክ የሌለውን መለሰ። ሰሌዳዎቹን አራራቀ፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ቆርኪ በሳሙና አጥቦ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ አደረገ። በሩና መስኮቶቹ ወለል ብለው እንዲውሉ ወሰነ፤ ያተኮሰው ወይም የሚያስለው ደግሞ እስኪሻለው ቤቱ እንዲቆይ። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ሲወጣ አባላቱ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ይጫወቱ ነበር። አጉረመረሙ፤ ግን መጡ። ውበቱ ዕድሜ ልኩን ያልተናገረውን አሁን እየተናገረ ስለመሰለው ማጉረምረማቸው አላስከፋውም።

ገዳሙም መጣ። ማስኩን አድርጓል፤ ቆርኪውን አጥቦ በመሐረብ ቋጥሮ ይዟል። ተቀመጠና ገና ሁለቴ ሳይጫወት ሳሉ ተነሳበት። ሁሉም ከየሰሌዳው ቀና አለ።

ነገሩን ያነሳው ልብስ ሰፊው አንተነህ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤቱ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉት። ውበቱን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ደንቡ የሁሉም ከሆነ የገዳሙም እንዲሆን፣ ካልሆነ ግን እሱ እንደሚቀር፣ ሌሎቹም የሚያስቡት ይህንኑ እንደሆነ፣ አፍረው እንጂ እንደሚናገሩ ነገረው። ውበቱ ገዳሙን ሄዶ እንዲመረመር ለመነው። ገዳሙ ተመረመረ፤ ነፃ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተመልሶ መጣ። ግን ሳሉ ያው ነው። ባሳለ ቁጥር አጠገቡ ያሉት ወንበራቸውን ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋሉ። ሳይታወቃቸው ገዳሙ የቤቱ መሐል ላይ ብቻውን ቀረ።

ውበቱ ያንን ሳል እንደገዛ ድምፁ ያውቀዋል። የወፍጮ ሳል ነው። ነገር ግን የዛሬው የወፍጮ ቢሆን፣ ነገ ሌላው ቢመጣበት ማን ይለየዋል? ለጓደኛው ብሎ በሩን ቢከፍት ነገ ሌላ የሚያስል ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ይመልሰዋል? ይህን ሁሉ ካወጣና ካወረደ በኋላ ገዳሙን ወደ ደጅ ጠራው።

«ገዳሙ፣ የወፍጮ ሳል መሆኑ አልጠፋኝም» አለው። «ሰው ግን ፈርቷል። ነገሩ ጋብ እስኪል ቤትህ ብትቆይስ?»

ገዳሙ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ሳቀ፤ ሲስቅም ሳለ። «ሰዓሊ ሲስል ይከበራል፣ ገዳሙ ሲስል ይባረራል» አለ። ከቅኔ ቤት የቀረለት ይኸው ጨዋታው ነበር። በሩ አጠገብ የነበሩት ሰምተው ሳቁ። ውበቱም ሳቀ፤ ሳቁም ነገሩን ያቀለለው መሰለው።

በሳምንቱ ገዳሙ ትንሽ በርጩማ በጋቢው ውስጥ ይዞ መጣ። አልገባም። ከመስኮቱ ውጭ፣ ጣሪያው ጥላ ከሚጥልበት ቦታ በርጩማውን አስቀምጦ ተቀመጠና ወደ ውስጥ አጮለቀ። ውስጥ ያለው ተጫዋች የገዳሙን ቆርኪ እሱ እንዳለው ያንቀሳቅስለታል፤ ገዳሙ «የግራውን፣ የግራውን! እሱን አይደለም» እያለ በመስኮቱ ይጫወታል። ውስጥ ከነበሩት ከብዙዎቹ ይልቅ ደስ ያለው የሚመስለው እሱ ነበር። ቄሱ ሲሸነፉ ገዳሙ ከውጭ ሆኖ ያዜምላቸዋል፤ እሳቸውም ማስካቸው ውስጥ ይስቃሉ። ውበቱ በዚያ ሰሞን እፎይ ብሎ ነበር። ለሥራነሽም ሁሉም ነገር መልክ እንደያዘ ነግሯት ነበር።

ጥር ሲገባ ነፋሱ በረታ፤ የሚነፍሰው ደግሞ ገዳሙ ከተቀመጠበት ወደ ውስጥ ነው። የሳሉ ድምፅ ከነፋሱ ጋር ይገባል። አንተነህ መስኮቱ ይዘጋ አለ። ውበቱ መስኮት አይዘጋም አለ። እንግዲያውስ ሰውየው ይነሳ አሉ፤ ይህን ያለው አንተነህ ብቻ አልነበረም። ውበቱ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ወጥቶ ገዳሙን መስኮት ወደሌለው ግድግዳ በኩል ፈቀቅ እንዲልላቸው ጠየቀው።

ገዳሙ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ግድግዳውን አየው።

«እዚያ ሆኜ ምን አያለሁ፣ ውቤ?» አለ።

ውበቱም ግድግዳውን አየ። ገዳሙ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ በርጩማውን አንስቶ በጋቢው ሸፈነና ቁልቁል ወረደ። ውበቱ ሊጠራው አፉን ከፍቶ ነበር። በሩ ላይ ሌላ ሰው ማስክ ሳያደርግ ሊገባ ሲል አየና ወደዚያው ዞረ።

ገዳሙ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ውበቱ መጀመሪያ ላይ ቤቱ እየሄደ ያጫውተው ነበር፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተራርቀው ይቀመጡና አመሻሽ ላይ ይለያያሉ። እነዚያ ጨዋታዎች ጥሩ ነበሩ። ግን በሽታው እየባሰ መጣ፤ በየሰፈሩ ለቅሶ በዛ፤ የሥራነሽ ስኳርም ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ውበቱ ከቤት ላለመውጣት ምክንያት ሞላው። መሄዱ በስልክ ተተካ። ገዳሙ ሲደወልለት ሁልጊዜ ደህና ነው፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ቀልዶ ያስቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሊዘጉ ሲሉ «ትመጣለህ?» ብሎ ጠየቀው። ውበቱ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ነገረው። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራነሽ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ የገዳሙ ስልክ አልነሳ አለ። ውበቱ ልጁ ጋ ሄዶ ይሆናል ብሎ ገመተ። ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው እንደተጀመረ አንዲት መነኩሲት መጋዘኑ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። የገዳሙ ጎረቤት እማሆይ ወለተ ሰንበት ናቸው። ውበቱ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። አጠገቡ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በር ቢያንኳኩ የሚከፍት እንዳጡ ነገሩት።

በሩን ገፍተው የገቡት ውበቱና አንተነህ ናቸው። ገዳሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል። ውበቱ የሥራ ልማዱ ሆኖ አንገቱን ዳሰሰ፤ ግን ገና ከበሩ ሲያየው አውቆታል። ሰውየው ከሞተ ማደሩ ያስታውቃል። አልጋው አጠገብ በርጩማው አለ፤ በርጩማው ላይ ዳማው ተዘርግቷል፤ ከግራም ከቀኝም ቆርኪዎቹ ተንቀሳቅሰዋል።

እማሆይ ደጃፉ ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። «እኔማ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ የሚመጣበት ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ሰው ሲነጋገር እሰማለሁ። አንዱ ‹ብላ› ይላል፣ አንዱ ‹አልበላም› ይላል፤ ደግሞ ይስቃሉ። ሰው አለው ብዬ ነው ሳልገባበት የቀረሁት።»

ውበቱ በርጩማውን እያየ ቆመ። ከዚህ ቤት ቅዳሜ እግሩን ካነሳ ብዙ ጊዜው ነው፤ ሌላ ሰውም እንዳልመጣ ያውቃል። አንተነህም ይህንኑ እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

ጤና ባለሙያዎች መጥተው ከአስከሬኑ ናሙና ወሰዱ። ቀብሩ በጥቂት ሰው ተደረገ። ተቃቅፎ ማልቀስ የለም፤ ሁሉም የየራሱን ለቅሶ ይዞ ተራርቆ ቆሟል። ቄሱ በፍትሐቱ ላይ «ገብረ ኪዳን» ሲሉ ውበቱ ለአፍታ የሌላ ሰው ስም የጠሩ መስሎት ቀና አለ። የክርስትና ስሙ ነበር። ያንን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ውጤቱ መጣ። ገዳሙ ኮሮና አልነበረበትም። የጤና ባለሙያው እንዳለው ልቡ ሳትሆን አትቀርም፤ ሲያስል የኖረ ሰው ልቡም ትደክማለች። ውበቱ ይህን ለአንተነህ ሊነግረው ልብስ መስፊያው ቤት ድረስ ሄደ። አንተነህ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማው። ከዚያ የሚሰፋውን ሱሪ እያገላበጠ ያየው ጀመር፤ ውበቱ እስኪወጣ ድረስ ቀና አላለም።

ፀደንያ ከባሕር ዳር መጥታ አባቷን ቀብራ፣ እስከ ሠልስቱ ቆየች። ልትመለስ ስትል ውበቱን አስጠራችው። አባቷ ግቢ ውስጥ፣ ሁለቱ ሰዎች ፀሐይ እየሞቁ ይጫወቱበት በነበረው ቦታ ወንበር አውጥታለት ነበር። ውበቱ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነው የደረሰው። ደንቡን ያወጣው እሱ እንደሆነ፣ ከበሩም ከመስኮቱም ያስነሳው እሱ እንደሆነ፣ ሳሉ የበሽታ እንዳልሆነ እያወቀ እንዳደረገው ሊነግራት ነበር። ብትረግመውም ሊቀበል ቆርጧል።

እሷ ግን ቀደመችው።

«ጋሼ ውበቱ፣ እርስዎን ሳላመሰግን አልሄድም» አለችው። «ቅዳሜ ማታ ማታ እደውልለት ነበር። ገና ከክበብ መግባቱ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ እርስዎ በር ላይ ቁጭ ብለው ሰው ሲቆጡ እንደዋሉ ይነግረኛል። ቄሱን እንዴት እንዳሸነፋቸው ሲያወራልኝ በሳቅ ነበር የምሞተው። ሥራና ልጅ ይዞኝ ሳልመጣ ስቀር የምጽናናው በዚያ ነበር። ብቻውን አይደለም፣ ሰው አለው እላለሁ።»

ገዳሙ ልጁ እንዳትሳቀቅ ብሎ በየሳምንቱ አንድ ያልነበረ ቅዳሜ ይፈጥርላት እንደነበር ለውበቱ ገባው። ያዘጋጀው ቃል ምላሱ ላይ ነበረ። የፀደንያን ፊት አየ፤ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። ያንን ከነገራት ቅዳሜዎቹን ሁሉ ይወስድባታል፤ ለምን እንዳልመጣች ራሷን እየጠየቀች ነው የምትቀረው።

«የመጨረሻውን ጨዋታ ያስታውሱታል?» ብላ ጠየቀችው።

ውበቱ በሥራ ዘመኑ ያልለካውን ትኩሳት ለካሁ ብሎ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አስገባ።

«አስታውሰዋለሁ» አላት። «ሁለት ቆርኪ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጨረስኩት ብዬ ወደ ሰዎቹ ዞር ስል እሱ ሳል ጀመረው። ያኔ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ስመለስ የኔን ጠራርጎ በልቶ ነግሦብኛል።»

«አሸነፈዎት?»

«አሸነፈኝ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።»

ፀደንያ እያለቀሰች ሳቀች። ውበቱ ቀድሞ ተነሳ፤ ወንበሩንም ራሱ ወደ ቤት አስገባላት።

ማታ ሁሉንም ለሥራነሽ ነገራት። ደግ አደረግህ አላለችውም፤ ክፉ አደረግህም አላለችውም። መድኃኒቷን ውጣ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱም ገዳሙ ቤታቸው መጥቶ የበላበትን የመጨረሻውን ቀን ታስታውስ እንደሆነ ጠየቃት። አላስታወሰችም። እሱም አላስታወሰም።

በዚያ ዓመት መጋዘኑ ውስጥ ከሚሰበሰቡት አንድም ሰው በበሽታው አልሞተም። በሌላ ቦታ በተዘጋ ቤት ሲጫወቱና ሲያወሩ የሚውሉ ጡረተኞች ጓደኞቻቸውን ሲቀብሩ ከረሙ። የአንተነህ እናት ከዚያ በኋላም ፋሲካን ፈስከው አርፈዋል፤ ያረፉትም በእርጅና ነው። ደንቡ ሠርቷል። ውበቱን እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ነው። ደንቡ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ተጸጽቶ በወጣለት። ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ መስኮቱን እንደማይዘጋ፣ በሩንም እንደማይለቅ ያውቃል። እሱ ሳያደርገው የቀረው ደንቡ የማያዘውን ነበር፤ ከበሩ የመለሰውን ሰው ተከትሎ መሄድን።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሳይጀመር ለአባላቱ ተናገረ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቤትህ ቆይ ከተባለ፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንዱ ሄዶ ደጁ ላይ ያጫውተዋል፤ ተራ ይያዛል አለ። የገዳሙን ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። መጀመሪያ እጁን ያወጣው አንተነህ ነበር። ሹፌሩ ጉንፋን ይዞት ቤቱ በቀረበት ጊዜ አንተነህ ዝናብ እየወረደበት አጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጫወት ሰዎች አይተውታል።

ፀደንያ በየበዓሉ ለውበቱ ትደውላለች። እንኳን አደረሰዎት ካለች በኋላ ወሬዋ ዞሮ ዞሮ ወደ አባቷ ይመጣል፤ ስለ ክበቡ አንድ ነገር እንዲያወራላት ትጠይቀዋለች። ውበቱም ያወራላታል። በእውነት የሆነው ሲያልቅበት ያልሆነውን ይጨምርበታል፤ ገዳሙ ያንን ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከሰው ጋር ሲሳሳቅ። እየቆየ ሲሄድ የትኛውን እንደተጫወቱት፣ የትኛውን ራሱ እንደፈጠረው መለየት ያቅተው ጀምሯል። ባለፈው ፋሲካም ደውላ ነበር፤ ልጇን አቅርባ አያቱን የሚያውቁት ሰው እኚህ ናቸው ብላ በስልክ አስተዋወቀችው። ስልኩን ሲዘጋ ሥራነሽ ማን እንደነበር ጠየቀችው። የገዳሙ ልጅ መሆኗን ነገራት፤ እሷም ሌላ አልጠየቀችውም።